አንገቴ ውስጥ ያልታሸው ግድግዳ

አንገትህን ሲይዝህ «አሳምሮ የሚያሽ ሰው ታውቃለህ?» እያልህ የምትጠይቅ ከሆነ ይህን የጻፍሁት ላንተ ነው። መጀመሪያ አንብበው። ከዚያ በኋላ መታሸት ካሰኘህ ታሽ፤ የምትሄድ ግን አይመስለኝም።

እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ፀዳ ከተማ ነው፤ የተወለድሁት ግን ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። እንጀራዬ አፌ ነው። ክፍል ውስጥ እለፈልፋለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ እለፈልፋለሁ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም ማለት ያቅተኛል። ባለቤቴ ውዴ «አንተን ዝም የሚያሰኝ አንድ እግዜር ነው» ትለኝ ነበር። ዝም ያሰኘኝ ግን ከምስር ፍሬ ያልበለጠ ነገር ነው። እስካሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል።

የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። ዕለቱን ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ አስተምር ነበር። ይህን ትምህርት እወደዋለሁ። የፈተና ወረቀት ክምር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና የላይኛውን በመዳፌ እገፋዋለሁ። የላይኛው ወረቀት ብዙ ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለው ትንሽ ይከተለዋል፣ ጠረጴዛውን የነካው የመጨረሻው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። «ውሃም ረጋ ብሎ ሲፈስ እንዲህ ነው» እላቸዋለሁ። «በንብርብር ነው የሚሄደው። መሐል ያለው ይሮጣል፤ ወደ ግድግዳው በቀረበ ቁጥር ያዘግማል፤ ግድግዳውን የነካው ጨርሶ ይቆማል።» በሚፈስ ውሃ ውስጥ የቆመ ውሃ አለ ስላቸው ሁልጊዜ ያጉረመርማሉ። ከዚያ ንብርብሩ እርስ በርሱ ሲንሸራተት ግድግዳውን ወደ ፊት እንደሚጎትተው፣ እንደሚፈትገው እነግራቸዋለሁ። መጽሐፉ ሺር ስትረስ ይለዋል፤ እኔ የግድግዳ ፍትጊያ እለዋለሁ። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ፍጥነቱ ቶሎ የሚጨምር ከሆነ ፍትጊያው ብርቱ ነው፤ ቀስ እያለ የሚጨምር ከሆነ ደካማ ነው።

ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ስል ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ሞከርሁ፤ ቀኝ እጄ አልታጠፍ አለኝ። «ጠመኔውን አቀብሉኝ» ልል አፌን ስከፍት የወጣው ቃል አይደለም፤ የተፈጨ ነገር ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መስሏቸዋል፤ እውነትም ቀልደኛ ነኝ። ትንሽ ቆይቶ እጄም አፌም ተመለሱ። አብሬያቸው ሳቅሁ።

ውዴ በግድ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደም ቀዱኝና «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። «እጄ ነው እኮ የወደቀው» ብል «ታይፎይድ ያደክማል» አሉኝ። በኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የሚወጣ ሰው ካለ የታደለ ነው። የደም ግፊትህም ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንስ ብለውኝ ነበር፤ እሱን አልሰማሁም። መድኃኒቱን ውጬ ጨረስሁ፤ ደህና ሆንሁ። ደህና የሆንሁት ግን ቀድሞውንም በራሱ ጊዜ ትቶኝ ስለነበር ነው።

ሁለተኛው ባጃጅ ውስጥ መጣ። ወደ አዘዞ ስንሄድ በግራ ዓይኔ ላይ ከላይ ወደ ታች መጋረጃ ወረደ። ቀኙ ያያል፤ ግራው ጨለማ። «ዓይኔ!» ብዬ ስጮህ ባለባጃጁ ደንግጦ ዳር ያዘ። መንገዱ ዳር እንደተቀመጥሁ መጋረጃው እንደ አወራረዱ ተመልሶ ወጣ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ዓይንህ ጤነኛ ነው፣ ለንባብ መነጽር ያስፈልግሃል አሉኝ። መነጽር ገዛሁ፣ አማረብኝም። የወደቀው ቀኝ እጄና የጨለመው ግራ ዓይኔ የአንድ ነገር ሁለት ጩኸት መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም። እኔም ስለ መጀመሪያው ለሁለተኛው ሐኪም አልነገርሁትም።

በዚህ መሐል ወንድሜ አያ መንግሥቴ ለዘመድ ተዝካር ከመካነ ብርሃን መጣ። አያ መንግሥቴ ታላቄ ነው፤ አባታችን ቀድሞ ስለሞተ አባቴም ነው ማለት ይቻላል። ገበሬ ነው፤ በዚያ ላይ አገር ያወቀው ወጌሻ ነው። የተሰበረ ይጠግናል፣ የወለቀ ይመልሳል፣ የዞረ ሥር ያሻል። ከአዲ አርቃይ ድረስ ታመው ይመጡበታል። ዋጋ አይጠይቅም፤ እጁ ከእግዜር የተሰጠው ነው ብሎ ያምናል። እኔም አምን ነበር።

የሆነብኝን ስነግረው ሳቀብኝ። «ምነው ታዲያ ሐኪም ለሐኪም ትንከራተታለህ? ሥር ዞሮብህ ነው! ቀኑን ሙሉ አንገትህን ደፍተህ ወረቀት ታርማለህ፤ እንዴት አይዞር?»

እውነትም አንገቴን በግራ በኩል ይይዘኝ ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ ትኩስ ቅቤ በመዳፉ አሟሟ፣ ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ ቁልቁል ያሽ ጀመር። እጁ እንዴት ደስ ይላል! ውዴ ግን ከበሩ ቆማ አላማራትም።

«ኧረ አያ፣ ቀስ ይበሉ» አለች።

«አይዞሽ፣ አትፍሪ» አላት። ወዲያው አውራ ጣቱ መንጋጋዬ ሥር አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ይኸው! ቋጠሮውን አገኘሁት። ሸጋ! አሁን እፈታዋለሁ።» ጫን አደረገው። ደጋግሞ ጫነው።

እጄን ታጥቤ ለምሳ ልቀመጥ ስል ወለሉ ወደ እኔ መጣ። የወደቅሁት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ጉንጬን ሲሚንቶው ሲቀዘቅዘው ነው። ቀኝ ጎኔ የኔ አልነበረም። ውዴ ስሜን እየጠራች ትጮሃለች፤ እኔ «አለሁ» ልላት እፈልጋለሁ፤ ቃሉ የለም። ቃሉ የት እንደሄደ ልነግርህ አልችልም። መኖሩን አውቃለሁ፤ የተቀመጠበትን ቦታ አላገኘውም። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። አያ መንግሥቴ ከነቅቤው እጁ አቅፎኝ «ምች ነው፣ ምች መታብኝ! ትንሽ ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮ!» ይላል።

ሆስፒታሉ በሰው ተጨናንቆ ኮሪደር ላይ ተራ ጠበቅን። በታጠፈው ከንፈሬ ምራቄ ይወርዳል፤ ልጠርገው አልቻልሁም። አጠገቤ የኤክስሬይ ፊልም በፌስታል የያዙ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ምንም ሳይሉ በነጠላቸው ጫፍ አፌን ጠረጉልኝ፤ ደግሞ ወረደ፣ ደግመው ጠረጉልኝ። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ስማቸውን ልጠይቅ አልቻልሁም፤ መጠየቂያው አልነበረኝማ።

የጭንቅላቴ ምስል ተነሣ፤ ግራው አንጎሌ ላይ ደም የተቋረጠበት ቦታ ተገኘ። ከዚያ ዶክተር ሕይወት የምትባል ወጣት ሐኪም ቀዝቃዛ ቅባት አንገቴ ላይ ቀብታ የአልትራሳውንድ መሣሪያ አሳረፈችበት። የደሜ ድምፅ ተሰማ፤ ሹ፣ ሹ፣ ሹ ይላል። መንጋጋዬ ሥር ሲደርስ ድምፁ ተቀየረ፤ አፏጨ። አያ መንግሥቴ ይህን ሲሰማ መቆም አልቻለም፤ ሊጸልይ ወደ ውጭ ወጣ።

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ። «ቅቤ ቅቤ ይላሉ። አንገትዎን ማን ነካው?»

ውዴ ስለ መታሸቱም፣ ከዚያ በፊት ስለ ወደቀው እጄና ስለ ጨለመው ዓይኔም ነገረቻት። ዶክተሯም መለሰች። «መታሸቱ ያመጣው ይሁን፣ በራሱ ሰዓት የመጣ ይሁን፣ አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እዚህ ቦታ ላይ ግን የሰው ጣት መጫን የለበትም። ፈጽሞ። ምን ያስተምራሉ አልሽኝ?»

«ፊዚክስ» አለች ውዴ እያለቀሰች።

«እንግዲያው እዩት፣ መምህር» ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይንቀጠቀጣል። «ይህ ትልቁ የአንገት ደም ሥር ነው። እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አንጎል፣ አንዱ ወደ ፊት ይሄዳል። መክፈያው ላይ ሰፋ ይላል፤ የሁላችንም እንዲሁ ነው። ሰፋ ካለው በውጭ በኩል ደሙ ያዘግማል፤ እንደውም እዩት፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚያ ጋ ግድግዳው አይፈተግም። ስቡ የተጠራቀመው እዚያው ነው።»

እኔ ልናገር አልችልም እንጂ ሐሳቤ ደህና ነበር። የማስተምረው ነገር አንገቴ ውስጥ በቀለም ተስሎ አየሁት። በደህናው በግራ እጄ አንሶላው ላይ የፍጥነቱን ቅርጽ በጣቴ ሣልሁላት፤ ዳር ላይ ዜሮ፣ መሐል ላይ ጉብ ያለ ቀስት። ገባት። «አዎ፣ ወረድ ብሎ እንዲህ ነው። እዚህ ግን እንዲህ ይሆናል» ብላ በጣቷ ጎኑ የተሰረጎደ ቀስት ሣለችበት።

የደነገጥሁት ከዚያ በኋላ ባለችው ነው። ለዘመናት ለተማሪዎቼ ፍትጊያ ማለት ኪሳራ ነው ብያለሁ። ፍትጊያ ቱቦ ይበላል፣ ጉልበት ይበላል። አንድ ቱቦ ያው ውሃ እየሄደበት በእጥፍ ቢሰፋ የግድግዳው ፍትጊያ ወደ ስምንተኛ እጁ እንደሚወርድ አስልቼ አሳይቻለሁ፤ ቱቦው ተገላገለ ብያለሁ። ታዲያ ያልተፈተገው ግድግዳዬ እንዴት ታመመ? ዓይኔን አይታ ጥያቄዬን ያወቀችው መሰለኝ።

«የደም ሥር እንደ ብረት ቱቦ አይደለም፤ ሕያው ነው» አለች። «ውስጡን የሸፈነው ስስ ቆዳ ደሙ ሲፈትገው ይሰማዋል፤ ሲፈተግ ጤነኛ ይሆናል፣ ይለሰልሳል፣ ስብ አያስጠጋም። ካልተፈተገ ይቆጣል፤ ስብ ሰርጎ ይገባበታል። የደም ግፊቱ፣ ስብ መብዛቱ፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ ይጨመርበታል። ስቡ አድጎ መንገዱን ሲያጠበው ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። ደሙ በጠባቡ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ፍትጊያው ከልክ ያልፋል፣ የስቡን ክዳን ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተቆርጦ ወደ አንጎል ይሄዳል። ዓይንዎ ሲጨልም፣ እጅዎ ሲወድቅ የነበረው ትንንሹ ፍርፋሪ ነው።»

አፌ በሌላ ምክንያት ተከፍቶ ነበር እንጂ በመገረም ይከፈት ነበር። ዕድሜ ልኬን ቀመሩን አውቀዋለሁ። በገዛ አንገቴ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ጉሮሮ አጠገብ ሲሠራ ግን አላወቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ነው፤ አሳጥረዋለሁ። አዲስ አበባ ተልኬ ደም ሥሩ ተከፍቶ ተጠረገ። ለወጪው ዘመድ ሁሉ ተረባረበ፤ ትምህርት ቤቱም አዋጣ። ሐኪሙ ያወጣውን በብልቃጥ አሳየኝ፤ ቢጫ፣ የደረቀ ጮማ የመሰለ ነገር ነው። ይህች ናት? ብዬ ደነገጥሁ። ይህች ናት ቤቴን ያፈረሰችው?

ሌሊቱ ከሁሉ ይከፋ ነበር። እንቅልፍ ቢወስደኝ የቀረችው ቃል ደግሞ ትሄዳለች ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ በልቤ ቃል እቆጥራለሁ፤ በር፣ ጣሪያ፣ ትራስ። ጧት ሲሆን ጮክ ብዬ እሞክራቸዋለሁ። «ውዴ» ልል ተነሥቼ «ወንበር» ብያት አውቃለሁ። ሳቀች፣ ወዲያው ፊቷን አዞረች። የራሴን ሚስት ስም ማጣቴ ከእጄ መሽመድመድ ይልቅ አስለቀሰኝ። እሷ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል አስቆጠረችኝ፤ ስሳሳት አልተቆጣችኝም። እኔ ተማሪዎቼን እንደዚያ ታግሼ አላውቅም።

ቃሉ ቀስ እያለ ተመለሰ። አሁንም ስቸኩል እንተባተባለሁ። ደም የሚያቀጥን፣ ስብ የሚቀንስና ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት በየቀኑ እወስዳለሁ። እራመዳለሁም። ዶክተር ሕይወት «ሲራመዱ ደሙ ይፈጥናል፤ ግድግዳውን የሚያሸው እሱ ይሁን እንጂ ሰው አይሁን» ብላኛለች። አንባቢዬ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከወደቀ፣ አፍ ከተያዘ፣ ወይም አንድ ዓይን በድንገት ከጨለመ፣ ወዲያው ቢተውህ እንኳ «ተወኝ» አትበል። ሲተውህ ነው መሮጥ ያለብህ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኝ ነበር። አያ መንግሥቴ ዶክተሯ ያለችውን አልሰማም። ስልክ በደወለ ቁጥር «ቀደም ብዬ ባሽህ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብህም» ይለኛል፤ ሲቆጭ ድምፁ ይሰበራል። ውዴ ስልኩን ስዘጋ ታፈጥብኛለች።

«ንገረው» አለችኝ አንድ ቀን። «አንተ ታፍረዋለህ፤ እሱ ነገ የሌላውን አንገት ይጫናል። ያ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ የሚልከው የለውም።»

«እንዴት ብዬ? እሱ እኮ አሳድጎኛል።»

«ያሳደገህን ሰው በሰው ነፍስ አታስጠይቀው» አለችኝ።

መናገሩ በስልክ አይሆንም። መንገዱ ደህና መሆኑን ስሰማ ማኪና ተሳፍሬ መካነ ብርሃን ወረድሁ። አያ መንግሥቴ ሳመኝ፣ አገላብጦ አየኝ፣ እጄን ጨብጦ ጉልበቴን ለካ። ወዲያው እጁ ወደ አንገቴ ሄደ። ጠባሳው ላይ ሳይደርስ ያዝሁት።

«አይ፣ አያ። ና እስኪ ቦዩን አሳየኝ።»

ከቤቱ በታች የሽንኩርት መደብ አለው፤ ከምንጩ በቦይ ውሃ ያመጣል። ጭድ በተንሁበት። መሐል ያረፈው ገለባ ሮጠ፤ ዳሩን የነካው አዘገመ። ከብት ረግጦ ያሰፋው ቦታ ሲደርስ ዳርና ዳሩ ያለው ገለባ ዞሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከሥሩ ደለል ተኝቷል።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይደልላል» አለ አያ መንግሥቴ። «ውሃው ይሰንፍበታል።»

«አንገቴ ውስጥም እንዲህ ያለ ቦታ ነበር» አልሁት። ቃሉ ተያዘብኝ፤ ቆምሁ፤ እንደገና ጀመርሁ። «መንጋጋዬ ሥር። ደሙ ይሰንፋል፣ ይደልላል። ቋጠሮ ያልኸው እሱ ነበር።» ደለሉን በአውራ ጣቴ ጫን አልሁት። አንድ ጓል ተገንጥሎ ሄደና ወደ መደቡ የሚያስገባውን ጠባብ አፍ ደፈነው። ውሃው ወደ ሽንኩርቱ መሄዱን አቆመ።

ሌላ ነገር አልጨመርሁም። ገበሬ ነው፤ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ወይም «ለዚህ ያበቃሁህ እኔ ነኝ?» ይላል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ስለ እኔ አልጠየቀም።

«እማ» አለ። «እማ ያረፈች ለት ጧት አንገቴን ያዘኝ ብላኝ ነበር።»

እኔ ያን ጊዜ ኮሌጅ ነበርሁ። እናታችንን ምች መታት ተብሎ ነው የተነገረኝ፤ እስከዚያች ቀን ድረስም ይህንኑ ነበር የማውቀው። 

«አሸኋት» አለ። «ቋጠሮም አግኝቼ ነበር። ፈታሁልሽ አልኋት፤ መረቀችኝ። ቀኑ ሳይመሽ አፏ ተያዘ።» ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ነኝ?»

ዶክተሯ የነገረችኝን ነገርሁት። ያለኝ እውነት እሱ ብቻ ነበር። «አላውቅም አያ። ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«አስተማሪ አይደለህም? እንዴት አታውቅም?»

አጠገቡ ቦዩ ዳር ቁጭ አልሁ። 

ከላይ ከግቢው ባለቤቱ ተጣራች። «አያ መንግሥቴ! እንግዳ መጥቶብዎታል፤ የሚታሽ ነው!»

አያ መንግሥቴ ጎንበስ ብሎ የተደፈነውን የቦይ አፍ በእጁ ከፈተው። ውሃው ወደ መደቡ እስኪገባ ድረስ አየው። ከዚያ ሳይዞር ጮክ ብሎ መለሰላት።

«እግሩን ከሆነ ይቆይ በይው፣ መጣሁ። አንገቱን ከሆነ ግን ቅቤ እንዳታወጪ። ዛሬውኑ ጎንደር ይሂድ፤ ወንድሜ ያደርሰዋል።»